ከአምስት ወደ ሃምሳ

ባለፈው ቅዳሜ ስካርቦሮ ወደሚገኝ አንድ የሠርግ አዳራሽ ገብቼ እግሬ ገና ምንጣፉን ሲረግጥ ልቤ ድው አለች። ወፍራም ቀይ ምንጣፍ ነው፤ ቢጫ ክብ ክብ ነገር ያለበት፣ ብዙ ሲያዩት የሚያዞር። ከላዩ የማጽጃው ጣፋጭ ሽታ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ስንት ጊዜ ቢያጥቡት ያልለቀቀ የድሮ ሲጋራ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። አንገቴን ቀና አድርጌ ጣሪያውን አየሁ። እንደፈራሁትም ከመብራቱ አጠገብ የተደፋ ጥቁር ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ባለቤቴ ጽጌ ክርኔን ያዝ አድርጋ፣ «ደግሞ ጀመረህ? ሙሽሮቹ ያሉት ከፊት ነው፤ ጣሪያው ላይ ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። ይህን ጠባዬን ለምዳዋለች። ባንክ ስገባ፣ መድኃኒት ቤት ስገባ፣ ዌስተን ወደሚገኘው የልጃችን ሕንፃ ስሄድ ሊፍቱ ውስጥ እንኳ ሳይቀር መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው። የልጅ ልጄ «አባባ፣ አር ዩ ሉኪንግ ፎር ጋድ?» እያለች ትስቅብኛለች። እግዜርን ፈልጌ ቢሆንማ ምን ነበረበት! እኔ የምፈልገው ካሜራ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እኔና ጓደኛዬ መስፍን ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ አፓርታማ ተጋርተን በምንኖርበት ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ያኔ በቲኬት ፈንታ ለአውቶቡስ የምንከፍላት ቶከን ከሸሚዝ አዝራር የማትበልጥ ቀላል ሳንቲም መሳይ ነገር ነበረች፤ የኪስ ቀዳዳ ካገኘች አለቀላት። የክረምት ጃኬታችንን የገዛነው ካገለገለ ልብስ መደብር ነው፤ የእኔ ቡናማ ሆኖ ክንዱ ላይ የማላውቀው የሆኪ ቡድን ምልክት ነበረው። መስፍን የሚለብሰው ግራጫ ካፖርት ከትከሻው ሰፍቶ ስለነበር ከኋላ ሲያዩት ካፖርቱ ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር። ቤታችን ውስጥ አንድ ሶፋ፣ ሁለት ፍራሽና አንድ ቴፕ ነበረን። ቴፑ አንዱን የካሴት ገጽ ብቻ ስለሚያጫውት ዘፋኙ ሁልጊዜ ሲለምን እንጂ ሲታረቅ ሰምተነው አናውቅም። ከመስኮታችን የሸለቆው አውራ ጎዳና ይታያል። በረዶ ሲጥል መኪናው ሁሉ ቀስ እያለ በቀይ መብራት ተሰልፎ ሲሄድ እያየን ሻይ እንጠጣለን። አሁን ሳስበው ደስ የሚል ኑሮ ነበር፤ ያኔ ግን ደስታው አይታየኝም ነበር፤ ጽጌ ናይሮቢ ናታ።

ከጽጌ ጋር የተጋባነው እዚያው ናይሮቢ ነው፤ እኔ ቀድሜ መጣሁና ስፖንሰር አደረግኳት። የኢሚግሬሽን ፋይሏ ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ቢሮ ሲዞር እኔ እዚህ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። በዚያ ጊዜ የነበረኝን ፍርሃት ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግረኛል። መንገድ ያለ መብራት አላቋርጥም። ሥራ ቦታዬ፣ መኪና ማቆሚያው ኪዮስክ ውስጥ፣ ከአለቃዬ ጋር ተከራክሬ አላውቅም። አንድ ቀን አንድ ሰው ስሜን ይጽፋል፣ የተጻፈው ስም ከፋይሏ ጋር ይገናኛል፣ ጽጌም እዚያው ትቀራለች ብዬ አምን ነበር። እሁድ እሁድ ባለ አምስት ዶላር የስልክ ካርድ እገዛለሁ። በሳንቲም ፍቄ ቁጥሩን እመታለሁ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ብዙ ነው፤ ናይሮቢ ሲደውሉበት ግን ገና ሰላምታው ሳያልቅ ያቺ ደቂቃህ አለቀ የምትል የማሽን ሴትዮ ጣልቃ ትገባለች።

መስፍን ከእኔ የተለየ ሰው ነው። አገር ቤት ሒሳብ ሲያጠና ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ እሱም በዚያው ወጣ። ያ የተቋረጠ ትምህርት አእምሮው ውስጥ እንደ ክፍት በር ቀርቷል፤ ምንም ነገር ሲያይ ካልለካ አይሆንለትም። ሁለታችንም ሥራ የማንገባው ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ወደ ሰሜን፣ ካዚኖ ወደሚሉት ቁማር ቤት የሚሄድ አውቶቡስ ይነሳል። ተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ቴርሞስ የያዙ አሮጊት ቻይናውያን ናቸው። ቲኬቱ ርካሽ ነው፤ ሲደርሱ ደግሞ የምሳ ኩፖን ይሰጣሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድኩት ለምሳው ነው። የተጠበሰ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ከፈለግህ ደጋግመህ! መስፍን የሄደው ግን ለብላክጃክ ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው፤ ካርዶችህ ተደምረው ሃያ አንድ ሳያልፉ ከካርድ አከፋፋዩ መብለጥ አለባቸው። መስፍን እንዳስረዳኝ ትንንሾቹ ካርዶች ቀድመው ከወጡ የካርዱ ሳጥን ውስጥ የቀሩት ትልልቆቹ ስለሚሆኑ ተጫዋቹ ይቀናዋል። የወጣውን የሚከታተል ሰው ያን ጊዜ ውርርዱን ከፍ ያደርጋል። ወንጀል አይደለም፤ ካዚኖው ግን አይወድም፤ እንዲህ ያለ ሰው ካገኘ በትህትና ያባርራል። ሌላ ሰው ቢሆን እንዴት ላሸንፍ ነበር የሚለው። መስፍን ግን አንድ ቀን ዶሮዬን ስበላ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ማሸነፉ አይደለም የገረመኝ ታዴ፤ እነሱ የሚያዩን መቼ ነው? ውርርዴን ከአምስት ዶላር ወደ አሥር ስል ማንም ዞር አይልም። ከአምስት ወደ ሃያ አምስት ብልስ? ዓይናቸው የሚከፈትበት ልክ አለ። እሱን ነው የምፈልገው» አለኝ።

«እኔ ምን አገባኝ?» አልኩት።

«አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ሰው ሲያይህ ይታወቅሃል።»

እውነቱን ነው። ልጅ ሳለሁ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ እናቴ ወንድሟን ጓዳ ውስጥ ደብቃ ነበር። እኛ ቤት አምስት ሰው እንደምንኖር ሰፈሩ ያውቃል። እናቴ ዳቦ ቤት ስትሄድ ሁልጊዜ የምትገዛው የአምስት ሰው ዳቦ ነው፤ ስድስታችን ተካፍለን እንበላለን። የአጎቴን ሸሚዝ አጥባ ሽቦ ላይ አታሰጣም፤ ጓዳ ውስጥ ወንበር ላይ ታደርቀዋለች። «ሰው ብዙ መግዛትሽን አያይም፤ ከትናንቱ መለወጥሽን ነው የሚያየው» ትላት ነበር እህቴን። አጎቴ በሰላም አገር ጥሎ ወጣ፤ እኔ ግን የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ የለመድኩት ነገር ማጅራቴ ላይ ቀረ። ከኋላዬ አንድ ሰው አተኩሮ ካየኝ ማጅራቴን ይነዝረኛል። መስፍን ይህን ነግሬው ስለነበር መለኪያ አደረገኝ።

በቀጣዮቹ ማክሰኞዎች ሥራችን እንዲህ ሆነ። መስፍን ብላክጃኩ ጠረጴዛ ጋ ይቀመጣል። እኔ ያ ሲጋራ ሲጋራ የሚሸት ቀይ ምንጣፍ ላይ፣ ከፊት ለፊቱ ካለው የሳንቲም ማሽን ወንበር ሆኜ፣ በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዤ፣ ሱፍ የለበሱትን ተቆጣጣሪዎች አያለሁ። ቀስ በቀስ ከፍ ሲያደርግ ምንም የለም። ተሸንፎ ተናዶ የጨመረ ሲመስል እንኳ ፈገግ ብለው ያልፋሉ፤ አሸንፎ ደስ ብሎት ሲጨምርም እንዲሁ። ምክንያት የሌለው ለውጥ ሲያዩ ግን ይነቃሉ። መጀመሪያ አንዱ ዘወር ብሎ በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዘውን ቺፕ ያያል። ቀጥሎ ስልክ ያነሳል። ቀጥሎ አከፋፋይዋ ካርዱ ሳያልቅ ደግማ ትበውዛለች። ከሁሉም በፊት ግን የእኔ ማጅራት ያውቃል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ በሐሳቤ የጽጌን ፋይል አንድ እጅ ከመደርደሪያ ሲያወርደው አያለሁ። ኩባያዬን መሬት ሳስቀምጥ መስፍን ወደ አምስቱ ይመለሳል። እየተመለስን አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ሕፃን ተደስቶ፣ «እናትህ ልክ ነበረች! ገንዘቡን አይደለም፤ ለውጡን ነው!» ይለኛል። እኔ መስኮቱን ተደግፌ ላቤን አደርቃለሁ። ታዲያ ለምን አልቀርም ነበር? ምናልባት የሚፈራ ሰው የሚፈራውን ነገር በዓይኑ እያየ መፍራት ይሻለው ይሆናል።

በዚያ አውቶቡስ ላይ አንድ ሌላ ሐበሻ ነበሩ፤ ጋሽ ደምሴ። በቤተ ክርስቲያናችን የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ ሁሌም ከረባት የሚያስሩ፣ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥ የማያደርጉ ትልቅ ሰው ናቸው። ካዚኖ መምጣታቸውን ማንም እንዲያውቅ አይፈልጉም፤ እኛም አይተን እንዳላየን ነበርን። «ቤቴ ይበርደኛል ልጆቼ፤ እዚህ ሙቀቱ ጥሩ ነው» ብለውን ነበር። የሳንቲም ማሽኑን ትንሽ ይነካኩና ከምሳ በኋላ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ሰላም ሊሉን ይመጣሉ። እሳቸው ሲመጡ ታዲያ ምን እናደርጋለን? ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን፤ እሳቸውም «በእግዜር» ይላሉ። መስፍን ወንበሩን ይለቅላቸዋል፤ እሳቸው አይቀመጡም፤ እሱ ይለምናል። አንድም ቀን ይህን ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምን ይመስላል ብለን አላሰብንም።

የመጨረሻዋ ማክሰኞ መስፍን ያስጠነቀቀኝ አውቶቡሱ ውስጥ ነው። «ዛሬ ከአምስት ወደ ሃምሳ፣ በአንድ ጊዜ። ከዚያ ይበቃኛል።» ተው አልኩት። የጽጌ ቃለ መጠይቅ ቀርቧል፣ ተው። «ታዴ፣ ካርድ መጫወት ነው እንጂ ባንክ አልዘረፍን» አለኝ። ከምሳ በኋላ ተቀመጠ። ብዙ ሰዓት በአምስት በአምስት ሄደ፤ እኔም ትንሽ ተረጋጋሁ። ከዚያ ባለ ሃያ አምስት ዶላሮቹን አረንጓዴ ቺፖች ሁለቱን አንድ ላይ ገፋ አደረጋቸው። ልክ በዚያች ቅጽበት ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ደረሱ። እግሬ ከእኔ ፈቃድ አልጠበቀም፤ ተነሳሁ። መስፍንም ተነሳ። «ኖር!» አልን አንድ ላይ። ጋሽ ደምሴ ሃምሳ ዶላሩን አይተው ደነገጡና፣ «ይቅናህ ልጄ! በሰው አገር አምላክ አይጣልህ!» ብለው መረቁ። እኛም እንደለመድነው ሁለቱን መዳፋችንን ወደ ላይ ዘርግተን «አሜን! አሜን!» አልን።

ማጅራቴ አልነዘረኝም፤ ተቃጠለ። አከፋፋይዋ እጇን ከሳጥኑ ላይ አነሳች። ስልክ ተነሳ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ አጭር ቀይ ከረባት ያሰረ፣ አንዱ ረጅም፣ በሁለት በኩል መጥተው፣ በጣም በትህትና፣ ሊያነጋግሩን እንደሚፈልጉ ነገሩን። ያ ትህትና ነው የገደለኝ። አገር ቤትም ሰው የሚወስዱት «ለትንሽ ጥያቄ» ብለው ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን። እኔንና መስፍንን አስቀመጡን፤ ጋሽ ደምሴን ሌላ ቦታ አቆይተዋቸዋል። ቀይ ከረባት ያሰረው ቪዲዮ ከፈተ። እግዚኦ! እኛው ነን። ማክሰኞ በማክሰኞ፣ ከላይ፣ ራሳችን ላይ ያለው መላጣ ሳይቀር። ሽማግሌው ይመጣሉ፣ እንነሳለን። ይመጣሉ፣ እንነሳለን። የኩባያዬም ነገር አላመለጣቸውም፤ ሳስቀምጥ፣ መስፍን ውርርዱን ሲያወርድ። የመጨረሻው ላይ መዳፋችን ወደ ጣሪያው፣ ማለት ወደ ካሜራው፣ እንደተዘረጋ ቪዲዮው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አዛውንቱ ማናቸው? የቡድኑ አለቃ ናቸው?» አለ በእንግሊዝኛ።

«አባታችን ናቸው» አልኩ።

«የሁለታችሁም አባት?»

«አይደሉም። ማለቴ እንደ አባት ናቸው።»

«አሁን አባታችን አልክ። የትኛው ነው እውነቱ?» ብሎ አንድ ነገር ጻፈ። እጁ ሲጽፍ ስሜ ይሆን ብዬ ወረቀቱን አሻግሬ ለማንበብ ሞከርኩ። መስፍን፣ ያ ሁሉን ነገር የሚለካው መስፍን፣ አመድ መስሎ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቃል። «ለምንድነው የምትነሱት?» ሲለኝ፣ «ትልቅ ሰው ስለሆኑ» አልኩ። «ምልክቱ ምንድነው?» አለኝ። «ምልክት አይደለም ሰር፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አልኩ። ሳቀ፤ ያመነ ሰው ሳቅ አልነበረም።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ረጅሙ ሰውዬ ጋሽ ደምሴን ይዞ ገባ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እኔና መስፍን ብድግ አልን፤ የእኔ ወንበር ወደ ኋላ ወደቀ።

«ሲት ዳውን!» አለ ቀይ ከረባቱ።

አልተቀመጥንም። ምን ላድርግ? እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ያዘዘኝ ሰው የሚስቴን ዕጣ የያዘ መስሎኛል፤ እሳቸው ቆመው ግን ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ሦስተኛ ወንበር ደግሞ የለም። «ሲት ዳውን» አለ እንደገና፣ ጮክ ብሎ። የወደቀውን ወንበር አንስቼ ለጋሽ ደምሴ አቀረብኩ። እሳቸው «አንተ ተቀመጥ ልጄ፣ እየተንቀጠቀጥክ ነው» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ በሞቴ» አልኩ። መስፍን የራሱን ገፋላቸው። ጋሽ ደምሴ «ተቀመጡ» ሲሉን እኛ «እርስዎ ይቀመጡ» ስንል፣ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ረጅሙ ሰውዬ ትንፋሹን በረጅሙ አወጣና ወጥቶ አንድ ወንበር ይዞ መጣ። ጋሽ ደምሴ ተቀመጡ፤ እኛም ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አጠረ። ግድግዳ አስደግፈው ፎቶ አነሱን። ሌላ ጨዋታ መጫወት እንደምንችል፣ ብላክጃክ ግን እንደተከለከልን ነገሩን። የሌላ ሰው ጆሮ ቢሆን በዚህ ይደሰት ነበር። እኔ የሰማሁት ፎቶው ሲነሳ ያለውን ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እንደ እናቴ ሆንኩ። ምንም ነገር ከትናንቱ እንዳይለወጥ። ያው ዳቦ፣ ያው አውቶቡስ፣ ያው ሰዓት። ስልኩንም ሰው ጠልፎ ያዳምጠዋል ብዬ ስላመንኩ ለጽጌ እሁድ እሁድ ያንኑ ቃል እላለሁ፤ «ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። አይዞሽ። በርቺ።» ስታለቅስም፣ ስትስቅም፣ ያው። ብዙም ሳይቆይ ከቢሮው ተጨማሪ ሰነድ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ፤ ፋይሉም ቆመ። አለቀልኝ አልኩ። ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። የጎደለው የሳንባ ራጅ ነበር፤ ቀኑ አልፎበት። ጽጌ በሚቀጥለው ጸደይ መጣች፤ ስስ ሹራብ ለብሳ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ። ከአየር ማረፊያው በር ስትወጣ እሷን ከማየቴ በፊት ጣሪያውን አይቼ ነበር።

እነሆ ባለፈው ቅዳሜ እኔ ራሴ የጋሽ ደምሴ ዕድሜ ላይ ደርሼ፣ እሳቸው አፈር ከሆኑ ቆይተው፣ መስፍንም ኤድመንተን ገብቶ፣ በዚያ ቀይ ምንጣፍ ላይ ወደ ጠረጴዛችን ስንሄድ የሙሽራው ጓደኞች አዩን። ጥሩ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ወንበራቸውን ገፍተው በሙሉ ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ። ጥቁሩ ነገር ልክ ከራሴ በላይ ነው። «ተቀመጡ! ተቀመጡ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ሙዚቃውን በለጠ። ልጆቹ ደንግጠው ግማሾቹ ተቀመጡ፣ ግማሾቹ ወገባቸውን አጉብጠው ቀሩ። ሰው ይህን ጠባዬን ትሕትና ይለዋል። ጽጌ ወደ ጥግ ወሰደችኝና እጄን ያዘች። «ንገረኝ በቃ» አለች። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠረጴዛውን፣ ቪዲዮውን፣ ፎቶውን።

ስጨርስ፣ «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ያን ክረምት ልተውህ ነበር። እንደ ካሴት ነበርክ እኮ፤ ባለቅስም አይዞሽ፣ ብስቅም አይዞሽ። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ፋይሉን ላዘጋው ቢሮው ድረስ ልሄድ ስል ጋሽ ደምሴ ደወሉልኝ። ስሜን ከቤተ ክርስቲያን ጠይቀው፣ ቁጥሬን ከመስፍን ወስደው። ‹ልጄ፣ ባልሽ ፈርቶ ነው እንጂ አልከዳሽም። እየተንቀጠቀጠም ለእኔ ወንበር ያቀረበ ልጅ ነው። ነይለት› አሉኝ። ከዚያ፣ ‹ራሱ እስኪነግርሽ አትጠይቂው› ብለው አስማሉኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ምን ላድርግ፣ አትነግረኝም እኮ!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ ልጆቹ መለሰችኝ። እነሱ ምስኪኖች ግራ ገብቷቸው፣ ልነሳ ወይስ ልቀመጥ እያሉ፣ አንድ በአንድ እንደገና ተነሱ። «ኖር» አሉ፣ አሁን ቀስ ብለው።

«በእግዜር» አልኩ። ካዚኖው ከጠረጴዛው ካስነሳን ወዲህ ያቺን ቃል ሰው ፊት ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር። ወንበሬን ስቤ፣ ጀርባዬን ለጥቁሩ ነገር ሰጥቼ፣ ቀና ሳልል ተቀመጥኩ። ማጅራቴ ግን ኬኩ እስኪቆረስ ድረስ ሲነዝረኝ ቆየ።